ባሕር ዳርቻ ላይ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ የራሳችሁን ዓይን እስክታገኙ

ባለፈው የስልኬን ጋለሪ ወደ ኋላ ስጎትት አንድ ነገር አሳቀኝ፣ ትንሽም አሳፈረኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ባሕር ዳርቻ የተነሳሁት ፎቶ ሁሉ አንድ ነው። መሃል ላይ ቆሜያለሁ። ጀርባዬ ለባሕሩ ነው፣ እጆቼ እንደ ክንፍ ተዘርግተዋል፣ ፀሐይ በትከሻዬ በኩል ትጠልቃለች፣ ፊቴ ደግሞ ከሰል መስሏል። የሚለያየው ልብሱ ብቻ ነው።

የምኖረው ኤምሬትስ፣ ሻርጃ ነው። ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ፣ እረፍቴ በሳምንት አንድ ቀን ነው፣ በዚያች ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ እግሬ የሚወስደኝ ወደ አጅማን ኮርኒሽ፣ ወደ ባሕር ዳሩ መንገድ ነው፣ ምክንያቱም ቅርብ ነው፣ መግቢያም አይጠየቅበትም። ደገኛ ነኝ። ጨዋማ ባሕር በዓይኔ ያየሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። እንደኔ ያለ ሰው ባሕር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያነሳው ባሕሩን ሳይሆን «ይኸው ደርሻለሁ» የሚለውን ነው። ለቤተሰብ ይላካል፣ ፕሮፋይል ይሆናል፣ አለቀ። ክፋት የለውም፣ አሁንም አነሳለሁ። ግን ከዚያ አልፎ ፎቶ ማንሳት የሚያምራችሁ ከሆነ፣ በተለይ ደግሞ «የኔ የሚባል ፎቶ እንዴት ነው የሚኖረኝ?» ብላችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ እኔ ስዳክር የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ካሜራ መግዛት አያስፈልግም። ከሦስት አራት ዓመት ወዲህ የወጣ ስልክ ይበቃል።

1. አንድ ዳርቻ ያዙና አትልቀቁት

ዱባይ ያለ ሰው ወደ ኡም ሱቀይም ዳርቻ ሄዶ ቡርጅ አል ዐረብን ያነሳል። ሕንጻው 321 ሜትር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ተከፈተ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ሚሊዮን ጊዜ እንደተነሳ ፈጣሪ ይወቅ። እናንተም አንሱት፣ ይውጣላችሁ። ሲወጣላችሁ ግን ብዙ ሰው «ምን አለው?» የሚለውን አንድ ዳርቻ ምረጡና ተመላለሱበት። በየሳምንቱ አዲስ ቦታ የሚሄድ ሰው የሚያነሳው ቦታውን ነው። አንድ ቦታ አሥር ጊዜ የሄደ ሰው ግን ቦታው ያልቅበታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የራሱ ዓይን ነው።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ፀሐይዋ የት እንደምትወርድ ማወቅ ነው። ከዱባይ እስከ አጅማን ያለው ዳርቻ ፊቱን ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው ያዞረው። በሰኔ ፀሐይ ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ ትገባለች። በታኅሣሥ ግን ወደ ግራ ተንሸራታ በዳርቻው መስመር በኩል፣ ወደ ሕንጻዎቹ ተጠግታ ነው የምትጠልቀው። ይህን ሳላውቅ አንድ ክረምት ሙሉ «ፀሐይዋ የት ሄደች?» ስል ከርሜያለሁ። (ክረምት የምለው የዚህን አገር ነው፣ ብርድ ቢጤ ያለበትን። የኛን ዝናብማ ክረምት እንዳታስቡ።) የታኅሣሥ ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ በአሸዋው ላይ ያለው እያንዳንዱ የእግር ዱካ ጥላ ያወጣል። ለእኔ ከሰኔው ይበልጣል። ፀሐይ ከባሕር ስትወጣ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ፣ ወደ ፉጃይራ ወይም ኮርፋካን መሄድ ነው።

አገር ቤት ያላችሁም አትቅሩ። እኛ ጣናንም ባሕር ብለን የለ እንዴ! ሐዋሳ ከተማው ያለው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ ውሃው ላይ ስትወርድ ከፍቅር ሐይቅ መንገድ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። ከጨው በቀር እዚህ የምለው ሁሉ እዚያም ይሠራል።

2. ሰዓት

እዚህ ፀሐይ በሰኔ መጨረሻ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ10 ገደማ ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል። አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ከጠለቀች በኋላም ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ቆዩ። ሰው ሁሉ ፀሐይዋ እንደገባች ምንጣፉን አራግፎ ይነሳል፣ ትልቁ ስህተት እሱ ነው። ሰማዩ ወደ ሐምራዊና ወደ ጥልቅ ሰማያዊ የሚዞረው፣ የመንገድ መብራቱ ውሃው ላይ መሰመር የሚጀምረው ገና ያኔ ነው። ደግሞ እዚህ ፀሐይ ቶሎ ነው የምትወርደው። አውሮፓ በጋ ላይ እንደሚያዩት ለረጅም ሰዓት የምትንከባለል ፀሐይ የለንም። «ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ» ብሎ ነገር የለም።

ቀትርስ? ብዙ መመሪያ «በቀትር አታንሱ» ይላል። እኔ አልስማማም። የቀትር ጥላ አጭርና ጥቁር ነው፣ ቀለሙ ይጮኻል፣ ጃንጥላዎቹና የውሃ መጫወቻዎቹ ልክ እንደ ከረሜላ ይሆናሉ። ፊት ለማንሳት መጥፎ ነው፣ ዕቃ ለማንሳት ግን ግሩም። ብቻ ከግንቦት እስከ መስከረም እዚህ በቀትር ዳርቻ ላይ መቆም ለሰውም ለስልክም አይመከርም። አፕል ራሱ አይፎን ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት እንዳይሠራበት ይመክራል። እዚህ በሐምሌ 35 ማለት እንኳን ቀኑ፣ ሌሊቱም ቢሆን የማያስደንቅ ነው።

3. ስልካችሁ ያልበዋል

ይሄ የባሕረ ሰላጤው ጣጣ ነው፣ ሌላ ቦታ ያሉ ብዙ ሰዎች አያውቁትም። የመጀመሪያው ሰሞን ታክሲ ውስጥ ኤሲው እንደ በረዶ ነበር። ስልኬን ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ አየሩ ከሚወጣበት ፊት ለፊት ይዤዋለሁ፣ እንዲቀዘቅዝ። ወርጄ ወደ ውሃው ሮጥኩ፣ ፀሐይዋ ልትገባ አምስት ደቂቃ ቀርቷታል፣ ስልኩን አነሳሁ። ስክሪኑ ላይ ነጭ ጉም ብቻ! ሌንሱን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁት፣ ለሁለት ሴኮንድ ጠራ፣ ተመልሶ ላበው። ጠረግሁ፣ ላበው። ጠረግሁ፣ ላበው። ፀሐይዋ ገባች። ከዚያ ቀን የቀረኝ ፎቶ ወተት ውስጥ የወደቀ ብርቱካን የሚመስል ነገር ነው።

ቀዝቃዛ መስታወት እርጥበት ያዘለ ሞቃት አየር ሲያገኝ ውሃ ያቁራል። መጥረጉ ዋጋ የለውም፣ መስታወቱ ራሱ እስኪሞቅ ድረስ ይመለሳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመድረሳችሁ ሩብ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ስልኩን ኪሳችሁ ወይም ቦርሳችሁ ውስጥ አስገቡት፣ ከኤሲው ይራቅ። ካሜራ ያላችሁ ደግሞ ቤት እያላችሁ ባለ ዚፕ ፕላስቲክ ውስጥ ክተቱትና ውጭ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳትከፍቱት ቆዩ፣ ላቡ ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል።

4. ስልኩ ላይ የሚነካኩ ነገሮች

ግሪዱን፣ ስክሪኑን የሚከፋፍሉትን ቀጫጭን መስመሮች፣ አብሩት። ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ የሚለው ጋ ታገኙታላችሁ። ባሕር ዳርቻ ላይ የተዘነበለ አድማስ እንደ ተጣመመ ጥርስ ነው፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር ዓይን እሱ ላይ ይቀራል። የግሪዱን መስመር አድማሱ ላይ አስተኙት፣ በቃ። ሆን ብላችሁ ልታዘነብሉ ከሆነ ደግሞ በደንብ አዘንብሉት፣ ስህተት እንዳይመስል።

ቀጥሎ ብርሃን። ስልኩ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ድምቀት ሊያደርገው ይፈልጋል። ነጭ አሸዋ ሲያይ «ኧረ በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፣ አሸዋው ሲሚንቶ ይመስላል። ስለዚህ በቀን አሸዋ ስታነሱ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጉት። ስትጠልቅ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ስልኩ ጨለማውን ሊያበራ ሲል ሰማዩን ያቃጥለዋል። ስክሪኑ ላይ ሰማዩን ነካ አድርጋችሁ እስኪቆለፍ ድረስ ያዙት፣ ከዚያ የምትመጣውን ትንሿን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች ጎትቷት። ሰማዩ ቀለሙን ያገኛል፣ ሰዎቹ ጥቁር ቅርጽ ይሆናሉ። ያ ከሰል የመሰለ ፊቴ እኮ ስህተት የሆነው መሃል ቆሜ ካሜራውን ስላየሁ ነው። በጎን ብዞር፣ አፍንጫዬና አገጬ ቢለይ፣ ያው ጥቁረት ውበት ይሆን ነበር። ጥቁር ቅርጽ የሚያምረው መስመሩ ሲለይ ነው፣ ሁለት ሰው ከሆኑ በመሃላቸው ብርሃን ይለፍ። አለዚያ አንድ ባለ አራት እግር ፍጡር ነው የሚወጣው።

በጣት አታቅርቡ፣ በእግራችሁ ቅረቡ። 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ ደግሞ ተጠንቀቁት፣ ጠርዝ ላይ የቆመን ሰው እንደ ሊጥ ይለጥጠዋል። ሰፊ ሌንስ ባሕሩንም ባዶ ያደርገዋል። ቆማችሁ ስታዩ አድማሱ ከአምስት ኪሎ ሜትር በታች ነው የሚርቀው፣ መርከቧ ለዓይናችሁ ትልቅ ናት፣ ፎቶው ላይ ግን የዝንብ ጠብታ ትሆናለች። ስለዚህ ከፊት ለፊት አንድ ነገር ይኑር። ድንጋይ፣ ገመድ፣ የልጅ ባልዲ፣ የሚያፈገፍግ አረፋ፣ ምንም ይሁን።

5. ውሃውን ማቆም ወይም ማስረዘም

ማዕበል በሁለት መንገድ ይነሳል። አንዱ ቀጥ ማድረግ ነው፣ ጠብታው በአየር ላይ እንዳለ። ለዚህ ብዙ ብርሃን ያስፈልጋል፣ በቀን ከሆነ ስልኩ ራሱ ይፈጥናል፣ ፕሮ ሞድ (ሁሉን በእጅ የምታስተካክሉበት) ካለው ፍጥነቱን 1/1000 ሴኮንድ ላይ አድርጉትና ተከታታይ አንሱ፣ ከሠላሳው አንዱ ይሆናል። ሌላው ውሃውን ማስረዘም ነው። ካሜራው ለግማሽ ሴኮንድ ያህል ክፍት ሲቆይ፣ የሚመለሰው አረፋ አሸዋው ላይ እንደ ነጠላ ክር ይሳባል። አይፎን ላይ ላይቭ አብርታችሁ አንሱ፣ ከዚያ ፎቶውን ከፍታችሁ ላይቭ ከሚለው ውስጥ ሎንግ ኤክስፖዠርን ምረጡ፣ ራሱ ይሠራዋል። ሳምሰንግና ሌሎቹ ላይ ፕሮ ሞድ ገብታችሁ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 50 ዝቅ፣ ፍጥነቱን ወደ 1/2 ሴኮንድ አድርጉት። ግን ከጠለቀች በኋላ ብቻ። በቀን ከሞከራችሁት ነጭ ወረቀት ነው የሚወጣላችሁ፣ ምክንያቱም የአብዛኛው ስልክ ሌንስ ቀዳዳ አይጠብም አይሰፋም። ስልኩ እንዳይንቀጠቀጥም ጫማችሁን አሸዋ ላይ አቁማችሁ እሱ ላይ አስደግፉት። የኔ ትራይፖድ እስካሁን ጫማዬ ነው።

6. ውሃው ሲሸሽ

ባሕሩ ይሞላል፣ ይጎድላል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይገፋል፣ ስለዚህ ባለፈው ሳምንት በዚህ ሰዓት ያያችሁት ዳርቻ በዚህ ሳምንት የለም። የሙላትና ጉድለት ሰዓት የሚያሳዩ ነጻ አፖች ሞልተዋል። የምትፈልጉት ጉድለቱና መጥለቂያዋ የሚገጥሙበትን ቀን ነው። ያኔ ውሃው ሸሽቶ የተወው እርጥብ አሸዋ መስታወት ይሆናል። ስልኩን ገልብጣችሁ ሌንሱ ወደ ታች እንዲሆን ያዙት፣ ወደ መሬት ዝቅ አድርጉት፣ ሁለት ሰማይ ታገኛላችሁ። ጊዜው ግን አጭር ነው። አሸዋው ሲጠጣ መስታወቱ ይሰበራል።

7. ሰው ስታነሱ

ይሄን ቀልድ አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የኤምሬትስ የሳይበር ሕግ መሠረት የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ አንስቶ ማሰራጨት ከ6 ወር በማያንስ እስራት፣ ወይም ከ150 ሺህ እስከ 500 ሺህ ድርሃም በሚደርስ ቅጣት፣ ወይም በሁለቱም ያስቀጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ ደግሞ ቤተሰብ አለ፣ ሴቶች አሉ፣ ልጆች አሉ። ስልክ ወደ ሰው አቅጣጫ ማንሳቱ ብቻ ጠብ ሊያስነሳ ይችላል። ወደቦችን፣ የወታደር ቦታዎችንና ጥበቃ ያለባቸውን ሕንጻዎች ጨርሶ አትንኩ፣ ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ።

ማንሳት የምትፈልጉት ሰው ካለ ሂዱና ጠይቁ። ዓሣ የሚያጠምዱት ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ ደስ ይላቸዋል፣ ፎቶውን አሳይታችሁ ወዲያው ብትልኩላቸው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ሻይ ይዘው ነው የሚጠብቋችሁ። እምቢ ካሉ አመስግኖ መሄድ ነው። እኔ ግን ዓይን አፋር ነኝ። አማርኛ ለማይችል ሰው «ፎቶ ላንሳዎት?» ለማለት ልቤ ይመታል። ይህ ዓይን አፋርነቴ ምን እንዳመጣልኝ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

8. አሁን ወደ ዋናው፣ የራስን ዓይን መፈለግ

መጀመሪያ የሌሎቹን እንይ። ጃፓናዊው ፎቶ አንሺ ሂሮሺ ሱጊሞቶ ከ1980 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ በተለያየ አገር ባሕር ያነሳል። ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ አድማሱ ልክ ወገብ ላይ ነው፣ ከላይ ሰማይ፣ ከታች ውሃ፣ ሌላ ምንም የለም። ሰው የለ፣ ጀልባ የለ። እንግሊዛዊው ማርቲን ፓር ደግሞ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሊቨርፑል አጠገብ ባለችው ኒው ብራይተን ዳርቻ ላይ ባሕሩን ከቁብም አልቆጠረው። እሱ ያነሳው የሚንጠባጠብ አይስክሬም፣ የሞላ የቆሻሻ መጣያ፣ ሕፃን ታቅፈው ፀሐይ የሚያቃጥላቸው ቤተሰቦች ነው፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ ፍላሽ እያበራ። ሆላንዳዊቷ ሪነከ ዳይክስትራ በ1990ዎቹ ታዳጊዎችን በዋና ልብሳቸው ፊት ለፊት ቀጥ አድርጋ አቆመቻቸው፣ ባሕሩ ከኋላቸው እንደ መጋረጃ ነው። ሦስቱም ጋ ያው ውሃና ያው አሸዋ ነው ያለው። የእኛዋ ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህ፣ አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል በ2010 የመሠረተችው፣ ፊታቸው በቀለም የተቀባ ሴቶቿን፣ ያንን ቀይና ሰማያዊና ቢጫ አይታችሁ ስሟን ሳታነቡ ትለዩታላችሁ። ስታይል ማለት ይሄ ነው። ከነዚህ ውስጥ አንዱም ፊልተር አይደለም።

እኔ ለረጅም ጊዜ ፊልተር ይመስለኝ ነበር። ፎቶዋን የወደድኩላት አንድ ልጅ የምትጠቀምበትን ፕሪሴት (አስቀድሞ የተዘጋጀ የቀለም ማስተካከያ) ከፍዬ ገዛሁ። ባሕሩ አረንጓዴ፣ አሸዋው ቡና፣ የጓደኞቼ ቆዳ ብርቱካናማ ሆነ። የሰው ወርቅ አያደምቅም። የእሷ ቀለም የተሠራው ለእሷ ብርሃንና ለእሷ ቆዳ ነው፣ የእኛን ጠይም ፊት ላይ ሲያርፍ የታመመ ነው የሚያስመስለው።

የሠራልኝ ነገር ይሄ ነው። እናንተም እንደዚህ አድርጉ።

ስልካችሁ ውስጥ ባሕር ዳርቻ ላይ ካነሳችሁት ሁሉ የምትወዱትን 60 ያህል ምረጡ። ላይክ ያገኘውን አላልኩም። ማንም ሳያይ ተመልሳችሁ የምታዩትን። ለብቻው አልበም አድርጉት። ከዚያ አንድ በአንድ አትክፈቱ፣ ትንንሽ ሆነው በአንድ ላይ እንደተደረደሩ ስልኩን ክንድ ያህል አርቃችሁ እዩት። ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ልማዳችሁ ይወጣል። አሁን ጠይቁ፤ አድማሱ የት ነው ያለው? ሰዎቹ ሩቅ ናቸው ቅርብ? ፊት አለ ወይስ ጀርባ? የትኛው ቀለም ይደጋገማል? ባዶ ቦታ ትወዳላችሁ ወይስ ጥቅጥቅ ያለ? ፎቶ በምትቆርጡበት ጊዜ ሁሌ የምትጥሉት በየት በኩል ያለውን ነው? መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት። በጭንቅላት አይሆንም፣ ሞክሬዋለሁ፣ ራስን ማታለል ቀላል ነው።

እኔ ስቆጥር ከ60ው 38ቱ ፊት የላቸውም። አድማሱ ወይ ጨርሶ የለም ወይ ከላይ ጠርዝ ላይ እንደ ክር ቀርቷል። ግማሽ ያህሉ ደግሞ፣ እስኪ ገምቱ፣ እግርና ነጠላ ጫማ ነው። ደነገጥኩ። ለካ ሰው ማንሳት ስለምፈራ፣ ሕጉንም ስለምፈራ፣ ዓይኔ ሳላዘው ወደ ታች ወርዷል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ድክመት የቆጠርኩት ነገር ፎቶዎቼን አንድ ቤተሰብ አድርጓቸዋል።

አንዱን ላሳያችሁ። እርጥብ አሸዋ ላይ አንድ ጥንድ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ አለ። የግራው ተረከዙ ተበልቷል፣ ባለቤቱ ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ የሚሄድ ሰው ነው። የቀኙ ውስጥ የቤት ቁልፍ አለ፣ ሥሩ በአራት የታጠፈ አሥር ድርሃም ተሸጉጧል። አረፋው እስከ ጫማው አፍ መጥቶ ቆሟል። ሰውየው ፎቶው ውስጥ የለም፣ ውሃ ውስጥ ነው ያለው። ግን ታውቁታላችሁ አይደል? አሥር ድርሃሙ የመመለሻው ነው።

9. ያገኛችሁትን ደንብ አድርጉት

ልማዳችሁን ካወቃችሁ በኋላ ለአንድ ወር ሆን ብላችሁ እሱን ብቻ ሥሩ። የኔ ደንብ «ከወገብ በላይ የለም» የሚል ነበር። አንድ ሌንስ፣ ቁመቱ ስልኩ እንደቆመ፣ ቀለም ላይ ሁለት ነገር ብቻ፤ ትንሽ ጥላውን ከፍ፣ ትንሽ ሰማያዊውን ቀዝቀዝ። የእናንተ ደንብ ሌላ ይሆናል። ሁሌ ከሩቅ የምታነሱ ከሆናችሁ ሰዎቹ ከጥፍር እንዳይበልጡ አድርጉ። ቀይ የምትወዱ ከሆነ ቀይ የሌለበትን አታንሱ። ደንቡ መጀመሪያ ያስራል፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ያሰለቻል። ሦስተኛው ላይ ግን ድሮ የማታዩትን ማየት ትጀምራላችሁ። እኔ ለምሳሌ የሐበሻ ሴቶች ውሃ ውስጥ ሲገቡ እንዴት እንደሚገቡ ያየሁት ያኔ ነው። ቀሚሱን በአንድ እጅ ሰብሰብ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ብቻ፣ ከዚያ ማዕበሉ ሲመጣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ። ሁሌ ሁለት። ከዚያ ሳቅ።

ጓደኛዬን እንደዚያ አነሳኋትና ላክሁላት። «አንቺ ልጅ፣ ፊቴን የት ጥለሽው ነው?» አለችኝ። ተኮራርፈን ዋልን። ማታ ያንኑ ፎቶ ኢሞ ላይ ለእናቴ አሳየኋት። እናቴ ፎቶ ባየች ቁጥር የምትለው «ከሳሽ» ወይም «ወፈርሽ» ነው። ይሄኛውን ግን ዝም ብላ አየችው፣ መነጽሯን አስተካከለችና «ውሃው ይቀዘቅዛል እንዴ?» አለችኝ። ስለ ባሕሩ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ሰልፊውንም አትተዉ ታዲያ። ለጓደኛዬ ፊቷ ያለበትን ለብቻ አንስቼ ታረቅን። ለሰው የሚላክና ለራስ የሚቀመጥ ሁለት አልበም ቢኖራችሁ ከስንት ንዝንዝ ትድናላችሁ።

ከወር በኋላ ደግሞ ሌላ 20 መርጣችሁ ከድሮዎቹ ጎን አስቀምጡ። የማይገጥም አንድ ሁለት ፎቶ ይኖራል፣ ደንቡን የጣሰ ግን ዓይናችሁ የማይለቀው። እሱን አትሰርዙት። ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው ደንባችሁ ከዚያ ነው የሚወጣው።

10. ጨውና አሸዋ

«ውሃ አይገባውም» የተባለ ስልክ የተሞከረው በንጹሕ ውሃ ነው፣ በባሕር ውሃ አይደለም። ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው፣ ማዕበል ውስጥ የነከርኩት ስልክ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቻርጅ አልቀበልም አለ። ጥገና ቤት ስወስደው የቻርጅ ቀዳዳው ውስጥ አረንጓዴ ዝገት አሳዩኝ፣ ዋስትናው ይሄን አይሸፍንም ብለው መለሱኝ። ስለዚህ ቤት እንደገባችሁ፣ እራት ሳይቀርብ፣ መጀመሪያ አሸዋውን እፍ በሉት። በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ፣ አሸዋ ሌንስ ይቧጭራል። ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ ረጠብ ባለ ለስላሳ ጨርቅ ጨውን አንሱ፣ ከዚያ በደረቅ። ቻርጅ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት ቀዳዳው ይድረቅ። ካሜራ የያዛችሁ ዳርቻ ላይ ሌንስ አትቀይሩ፣ በተለይ ሸማሉ ሲነፍስ። ሸማል ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው አቧራማ ነፋስ ነው። ሰማዩን ያገረጣዋል፣ ሰው ሁሉ ያማርራል፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም ለሚወድ ግን እሱ ቀን በዓል ነው። ስልኩን ብቻ በፕላስቲክ ጠቅልሉት።

እንግዲህ የሚቀጥለው እረፍታችሁ ሰኔ ውስጥ ከሆነ 12 ሰዓት ላይ እዚያ ሁኑ። ስልኩን ከኤሲው አርቁ፣ ግሪዱን አብሩ፣ ነጠላ ጫማ አድርጉ። ጫማችሁን የት እንዳወለቃችሁ ግን አትርሱ፣ እኔ ሁለቴ ባዶ እግሬን ተመልሻለሁ።